የእንግሊዝኛን ቃል እንደ ግስ ስለ ማጥናት

ቃል የዕውቀት በር መክፈቻ ነው። ሰው ምንም ያህል አስተዋይ ቢሆን፥ የተጠየቀበትን ቃል ካላወቀው በተዘጋ ደጅ እንደ ቆመ እንግዳ ይሆናል፤ በልቡ ያለው ዕውቀትም ሳይወጣ ይቀራል። ይህ ነገር በየዓመቱ ከገጠር ተማሪ ቤቶች ወጥተው ለከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ፈተና በሚቀመጡት ልጆች ላይ ይታያል። ስለዚህ ከፍ ያሉት የእንግሊዝኛ ቃላት በምን ሥርዓት ቢጠኑ በልብ ጸንተው እንደሚቀሩ፥ ለአስተማሪዎችና ማንበብ ለሚያውቁ ሽማግሌዎች ከዚህ በታች ተጽፏል። የአገራችን ነገር በኢትዮጵያ ዘመን፥ የውጭ አገር ሊቃውንት ሥራ ግን በአውሮፓ አቆጣጠር ተቈጥሯል።

1ኛ፤ እንግሊዝኛ በትምህርታችን ስላለው ስፍራ

ተፈሪ መኰንን ተማሪ ቤት በ1917 ዓ.ም. በተከፈተበት ዘመን ከውጭ አገር ቋንቋዎች መካከል በትምህርት ይልቁን የተስፋፋው ፈረንሳይኛ ነበር። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ድል ከሆነ በኋላ ግን በፈረንሳይኛ ፈንታ እንግሊዝኛ ገባ። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲቋቋም ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሆነ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና የሥልጠና ፖሊሲም ሕፃናት የመጀመሪያውን ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ፥ የሁለተኛው ደረጃና የከፍተኛው ትምህርት ግን በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ወሰነ።

ከዚህ የተነሣ የገጠር ልጅ ሁለት ሸክም ይሸከማል። ትምህርቱን ይማራል፤ ትምህርቱ የሚነገርበትንም ቋንቋ ይማራል። የከተማ ልጅ እንግሊዝኛን በቴሌቪዥንም በመጻሕፍት መደብርም በሱቅ ደጅ በተጻፈው ሰሌዳም ያገኘዋል፤ የገጠር ልጅ ግን ከመምህሩ አፍና ከመማሪያ መጽሐፉ በቀር የሚሰማበትና የሚያይበት ስፍራ ጥቂት ነው።

ጉዳቱም ቀላል አይደለም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በ2015 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ተፈትነው፥ ከፈተናው ግማሹንና ከግማሽ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ከዚያ ቀጥሎ በተሰጠው ፈተና ከመቶ 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 5.4 ሆኑ። የዚህ ሁሉ ምክንያት የቋንቋ ጉድለት ብቻ ነው ማለት ስሕተት ነው፤ የመጽሐፍ እጥረትም፥ የመምህር ማነስም፥ ሌላም ብዙ ነገር አለበት። ነገር ግን የሒሳቡም፥ የፊዚክሱም፥ የታሪኩም ጥያቄ በእንግሊዝኛ ስለሚጻፍ፥ ቃል ያነሰው ልጅ የሚጐዳው በአንድ ትምህርት ብቻ ሳይሆን በሁሉ ነው።

ለዚህም አንድ ትንሽ ምሳሌ ይበቃል። በፈተና ወረቀት ላይ «ከሚከተሉት ሁሉ እውነት ናቸው፤ ከአንዱ በቀር» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ያ «በቀር» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ኤክሴፕት ይባላል። ተማሪው ይህን አንድ ቃል ቢስተው ወይም መቀበል ማለት ከሆነው ከአክሴፕት ጋር ቢያቀላቅለው፥ ትምህርቱን አጥርቶ እያወቀ ሐሰቱን ትቶ እውነቱን ይመርጣል፤ መልሱም ይወድቃል። ያላነበበው ልጅና ቃሉን የሳተው ልጅ በአንድ ሚዛን ይመዘናሉ።

2ኛ፤ ስለማይጠቅመው አጠናን

ብዙ ተማሪዎች ፈተናው ሲቃረብ ከጓደኛ የተዋሱትን የቃላት ዝርዝር ይዘው ሌሊቱን ሁሉ ይሸመድዳሉ። በአንዱ ወገን እንግሊዝኛው፥ በሌላው ወገን አማርኛው ተጽፏል። ልጁ መቶ ቃል በአንድ ሌሊት ይይዛል፤ ከሳምንት በኋላ ግን ከመቶው ጥቂቱ ብቻ ይቀርለታል። የቀረለትም ቢሆን በዝርዝሩ ተራ ካልተጠየቀ አይታወሰውም።

በአሜሪካ አገርም እንዲህ ያለ ልማድ ነበረ። ኤስ ኤ ቲ የሚባለው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና በ1926 መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፥ ብርቅ የሆኑ ቃላትን ከነተቃራኒያቸው ይጠይቅ ስለ ነበረ፥ ተማሪዎች ዝርዝር ሲሸመድዱ ኖሩ። በኋላ ግን ፈታኞቹ መንገዱን ለወጡ። የተቃራኒ ጥያቄ በ1994፥ የቃላት ንጽጽር ጥያቄም በ2005 ቀረ። በ2016 ፈተናው እንደ ገና ሲታደስ፥ አንድ ቃል በተነገረበት ዐረፍተ ነገር ውስጥ የሚሰጠውን ትርጕም መጠየቅ በረታ። እነርሱ ይህን ካደረጉ፥ የእኛም ልጅ ብርቅ ቃል በመልቀም ዕድሜውን መፍጀት አይገባውም።

3ኛ፤ ስለ አባቶች የቋንቋ ትምህርት

የባዕድ ቋንቋን በመጽሐፍ መማር ለኢትዮጵያ መንደር እንግዳ ነገር አይደለም። ግእዝ ከሰው የዕለት ንግግር ከወጣ ብዙ መቶ ዓመት ሆኖታል፤ ይሁን እንጂ የቅኔ ተማሪ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በግእዝ አዲስ ነገር እስከ መፍጠር ይደርሳል። በወሎና በሌላው አገር ያሉት የእስልምና ደረሶችም ነሕውና ሰርፍ እየተማሩ የዐረብኛን መጻሕፍት ያነባሉ። የእነዚህ ሊቃውንት መንገድ አራት ምሰሶ አለው፤ ሥር፥ ትርጕም፥ ድርሰት፥ ድግግም። በእነዚህ በአራቱ እንግሊዝኛም ይጠናል።

4ኛ፤ ቃሉን ከሥሩ ስለ መያዝ

የቅኔ ተማሪ ስምንቱን የግስ አርእስት፥ ማለት ቀተለን፥ ቀደሰን፥ ተንበለን፥ ባረከን፥ ማኅረከን፥ ሴሰየን፥ ክህለን፥ ጦመረን ይዞ የሌላውን ግስ እርባታ በእነርሱ ይመራዋል። ጸሐፈ የሚለውን አንድ ግስ ሲያውቅ ጸሓፊን፥ መጽሐፍን፥ ጽሕፈትን፥ ተጽሕፈን አብሮ ያውቃል። አንድ ሥር ይዞ አምስት ፍሬ ይለቅማል።

እንግሊዝኛም እንዲሁ ነው። ከፍ ካሉት ቃላቱ የሚበዙት ከላቲንና ከግሪክ የመጡ ናቸው። በላቲን መጻፍ ማለት ስክሪቤሬ ነው። ከዚህ ሥር ዲስክራይብ፥ ማለት አንድን ነገር በቃል መግለጽ፤ ፕሪስክራይብ፥ ማለት ሐኪም መድኃኒትን ጽፎ ማዘዝ፤ ማኑስክሪፕት፥ ማለት እንደ ብራና ያለ የእጅ ጽሑፍ፤ ስክሪፕቸር፥ ማለት ቅዱስ መጽሐፍ ወጡ። እንደዚሁም በላቲን ፖርታሬ መሸከም ነው። ተማሪው ትራንስፖርት፥ ኤክስፖርት፥ ኢምፖርት የሚሉትን ቃላት በገበያና በሬዲዮ ሰምቷቸዋል። ትራንስ ማለት ማዶ፥ ኤክስ ማለት ወደ ውጭ፥ ኢም ማለት ወደ ውስጥ መሆኑን ቢነገረው፥ ሦስቱም በአንድ ሥር የቆሙ ወንድማማች መሆናቸውን ያያል።

የግሪኩ ደግሞ ለቤተ ክርስቲያን ሰው ቅርብ ነው። ኤጲስ ቆጶስ የሚለው የማዕርግ ስም የግሪክ ቃል ነው፤ ኤጲ ማለት በላይ፥ ስቆጶስ ማለት ተመልካች፥ በአንድነት ከበላይ ሆኖ የሚጠብቅ ማለት ነው። ማይክሮስኮፕና ቴሌስኮፕም ከዚሁ ከማየት ሥር የተገኙ ናቸው፤ ማይክሮ ትንሽ፥ ቴሌ ሩቅ ስለ ሆነ፥ አንዱ ረቂቁን ነገር ማያ፥ ሁለተኛው የራቀውን ማያ ሆነ። ዲያቆን፥ ወንጌል፥ ኦርቶዶክስ የሚሉትም ከግሪክ የመጡ ናቸውና፥ ሽማግሌው ሳያውቀው ለልጁ የሚያካፍለው ሀብት በአፉ አለ።

ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፥ አስተማሪው አዲስ ቃል በሰሌዳ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጽፍ ሥሩን ከመነሻውና ከመድረሻው ለይቶ ያሳይ። ነገር ግን ሥር ሁልጊዜ ቀጥተኛ መሪ አይደለምና ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኢን የሚለው መነሻ በኢንቪዚብል ላይ አሉታ ነው፤ የማይታይ ማለት ነው። በኢንፍላመብል ላይ ግን አሉታ አይደለም፤ በእሳት ፈጥኖ የሚያያዝ ማለት ነው። ይህን በተቃራኒው የሚተረጕም ሰው ቤት ያቃጥላል። እንደዚሁም በአማርኛ ፋብሪካ የዕቃ መሥሪያ ቤት ነው፤ በእንግሊዝኛ ፋብሪክ ግን ጨርቅ ነው። የድምፅ መመሳሰል የትርጕም ዝምድና አይደለም።

5ኛ፤ አንዱን ቃል በብዙ ትርጕም ስለ ማወቅ

የመጽሐፍ ሊቃውንት አንዱን ንባብ ሲተረጕሙ «አንድም» እያሉ ልዩ ልዩ ምሥጢሩን ያወጣሉ። የእንግሊዝኛም ቃል አንድምታ አለው። ፓወር የሚለው ቃል በታሪክ መጽሐፍ ሥልጣን ነው፤ አንድም በፊዚክስ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ የሚፈጸም የሥራ መጠን ነው፤ አንድም በሒሳብ አንድ ቁጥር በራሱ ስንት ጊዜ እንደሚባዛ የሚያሳይ ነው። ሴል የሚለውም በሥነ ሕይወት የአካል መሠረት የሆነች ረቂቅ ክፍል ናት፤ አንድም የእስረኛ ክፍል ነው፤ አንድም ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ የባትሪ ክፍል ነው።

አንድ ትርጕም ብቻ የሸመደደ ተማሪ ቃሉን ያወቀው ይመስለዋል፤ በሌላ ስፍራ ሲያገኘው ግን ይሰናከላል። ስለዚህ ትርጕሙ ከዐረፍተ ነገሩ ጋር ይጻፍ። ቮልፍ ሌስላው የተባሉት ሊቅ በ1973 ያሳተሙት የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት እያንዳንዱን ቃል በዐረፍተ ነገር አስገብቶ የሚያሳየው ስለዚሁ ነው።

ያልታወቀ ቃል ሲገጥምም ተማሪው ወዲያው ተስፋ እንዳይቈርጥ በዙሪያው ያሉትን ቃላት መጠየቅን ይልመድ። «ከጎርፉ የተነሣ ወንዙ ተርቢድ ስለ ሆነ በሥሩ ያለው ድንጋይ አይታይም» የሚል ነገር ቢያነብ፥ ተርቢድ ድፍርስ መሆኑን ጎርፉና ድንጋዩ ይነግሩታል። ይህ ግን የሚሆነው የቀሩትን ቃላት ሲያውቅ ነው። የኒውዚላንዱ ሊቅ ፖል ኔሽን በ2006 ባሳተሙት ጥናት፥ አንባቢ ያለ ረዳት መጽሐፍን እንዲያስተውል ከመቶ ቃል 98ቱን ማወቅ እንደሚያስፈልገው መነሻ አድርገው፥ ለዚህም ከ8,000 እስከ 9,000 የሚደርሱ የቃል ቤተሰቦች እንደሚያስፈልጉ ገልጸዋል። ብዙ ባዶ ባለበት ስፍራ መገመት ማስተዋል አይደለም፤ ዕጣ መጣል ነው።

6ኛ፤ ከየትኞቹ ቃላት እንደሚጀመር

ይህ ቁጥር አስተማሪውን ማስፈራት የለበትም፤ ቃላት ሁሉ እኩል አያገለግሉምና። ማይክል ዌስት የተባሉት ሊቅ በ1953 ወደ 2,000 የሚሆኑ እጅግ የሚዘወተሩ የእንግሊዝኛ ቃላትን መርጠው አሳተሙ። አቭሪል ኮክስሄድ የተባሉት ሴት ሊቅ ደግሞ በ2000 የከፍተኛ ትምህርት መጻሕፍትን መርምረው፥ ከእነዚያ 2,000 ውጭ የሆኑ፥ በየትምህርቱ ዓይነት የሚደጋገሙ 570 የቃል ቤተሰቦችን ለዩ። እነዚህ 570 በትምህርት መጽሐፍ ላይ ከሚገኘው ቃል ከመቶ 10 ያህሉን ይሸፍናሉ። አናላይዝ፥ ማለት ነገርን በየክፍሉ መመርመር፤ ኤቪደንስ፥ ማለት ማስረጃ፤ ዲራይቭ፥ ማለት ከምንጩ ማውጣት፤ ኢንተርፕረት፥ ማለት መተርጐም ከእነርሱ መካከል ናቸው።

ስለዚህ ሥርዓቱ ይህ ነው። አስቀድሞ የተዘወተሩት 2,000 ይጽኑ፤ ቀጥሎ እነዚህ 570 ይጠኑ፤ ከዚያ ወዲያ ንባብ ያበዛቸዋል። ተማሪ በቀን 5 የቃል ቤተሰብ ቢይዝ 570ውን በ114 የትምህርት ቀን ይፈጽማል። ከ9ኛ ክፍል የጀመረ ልጅ ሳይጨነቅ ይደርሳል፤ በ12ኛ ክፍል መጨረሻ የጀመረው ግን ሮጦም አይደርስም።

7ኛ፤ ስለ ድርሰትና ስለ ድግግም

የቅኔ ተማሪ ግስ አጠናሁ ብሎ አይቀመጥም። ከጉባኤ ቃና ጀምሮ በየዕለቱ ይቈጥራል፤ ለአስነጋሪው ወይም ለመምህሩ ይነግራል፤ የተሳሳተውም ይታረምለታል። ቃል ከተማሪው አፍና እጅ ካልወጣ የእርሱ አይሆንም። ስለዚህ የእንግሊዝኛ አስተማሪ በየዕለቱ ከተሰጡት 5 ቃላት በሁለቱ አዲስ ዐረፍተ ነገር አስደርሶ በጓደኞቹ ፊት ያስነግር። ዐረፍተ ነገሩም ከልጁ ኑሮ ይውጣ፤ ስለ እርሻው፥ ስለ ከብቱ፥ ስለ ወንዙ፥ ስለ ገበያው ይሁን። ክፍሉ ብዙ ልጆች ያሉበት ከሆነ፥ የጐበዙት ተማሪዎች እንደ አስነጋሪ ሆነው የሌሎቹን ይስሙ። የተሳሳተ ልጅ ይታረም እንጂ አይዋረድ፤ በፍርሃት የተዘጋ አፍ ቋንቋ አይማርም።

ድግግምም ጊዜ አለው። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ ትርጕም የሌላቸውን ፊደላት በራሱ እያጠና፥ የተጠናው ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ፈጥኖ እንደሚረሳ፥ ተከፋፍሎ የተደጋገመው ግን በአንድ ጊዜ ከታጨቀው ይልቅ እንደሚጸና በ1885 አስረዳ። ሰባስቲያን ላይትነርም በ1972 ይህን ለተማሪ በሚቀል መንገድ አወጣው። ዋጋውም ትንሽ ወረቀትና አንድ የካርቶን ሣጥን ብቻ ነው።

ሣጥኑ በአምስት ክፍል ይከፈላል። በእያንዳንዱ ወረቀት ፊት ቃሉ፥ በጀርባው ትርጕሙና ዐረፍተ ነገሩ ይጻፋል። አዲሱ ወረቀት በመጀመሪያው ክፍል ይገባል፤ ያም በየቀኑ ይጠየቃል። ተማሪው ቢመልሰው ወደ ሁለተኛው ያልፋል፤ ሁለተኛው በየሦስት ቀን፥ ሦስተኛው በየሳምንቱ፥ አራተኛው በየአሥራ አምስት ቀን፥ አምስተኛው በየወሩ ይጠየቅ። የተሳተው ቃል ግን ከየትም ክፍል ቢሆን ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። እንዲህ ሲሆን የታወቀው ቃል ጊዜ አይፈጅም፤ ያልታወቀውም አይሸሸግም።

8ኛ፤ የሽማግሌዎች ድርሻ

አንዳንድ ሽማግሌ «እኔ እንግሊዝኛ አላውቅ፤ ልጁን በምን እረዳዋለሁ?» ይላል። መርዳት ግን ይችላል። የወረቀቱን ጀርባ አማርኛውን እያነበበ ልጁን እንግሊዝኛውን ቢጠይቀው፥ በየምሽቱ ሩብ ሰዓት የሚበቃ አስነጋሪ ይሆናል። ግእዝ ወይም ዐረብኛ የተማረም እንደ ሆነ፥ እርሱ በልጅነቱ እንዴት እንዳጠና ይንገረው፤ ልጁ የአያቱ ትምህርትና የእርሱ ትምህርት አንድ መንገድ መሆኑን ሲያውቅ ልቡ ይጸናል።

ከዚህም ይልቅ ሽማግሌው የሚሰጠው ትልቅ ነገር ጊዜ ነው። ወንዱ ልጅ ከብት ሲጠብቅ ውሎ፥ ሴቲቱም ልጅ ውሃ ስትቀዳ፥ እንጨት ስትለቅም፥ እንጀራ ስትጋግር አምሽታ፥ ለጥናት የሚተርፋቸው የደከመ ዓይን ብቻ ይሆናል። ይልቁንም ሴቲቱ ልጅ ከወንድሟ ጋር አንድ ፈተና ትፈተናለች፤ የማጥኛ ሰዓቷ ግን ከእርሱ ያንሳል። በቤቱ የታፈረ ሽማግሌ «ይህ ሰዓት የልጆቹ ነው፤ ሥራውን ሌላው ይካፈለው» ቢል፥ ቃሉ ይሰማል። መብራቱም ለዚያ ሰዓት ይብራ።

9ኛ፤ ለአስተማሪ የሚሆን መልመጃ

ሀ፤ በየሳምንቱ መጀመሪያ አንድ ሥር በሰሌዳ ላይ ይጻፍ፤ ተማሪዎችም ከመማሪያ መጻሕፍታቸው ከዚያ ሥር የወጡትን ቃላት ፈልገው ያምጡ።

ለ፤ በሁለት ትምህርት ውስጥ ሁለት ልዩ ትርጕም ያለውን አንድ ቃል መርጠው «አንድም» እያሉ ይተርጕሙት።

ሐ፤ ያለፈው ዓመት የፈተና ወረቀት ቢገኝ፥ መልሱን ከመፈለግ አስቀድሞ ትእዛዝ የሚሰጡት ቃላት ብቻ ይሰመርባቸው፤ ይኸውም እንደ ኤክሴፕት፥ ማለት በቀር፤ እንደ ኮምፔር፥ ማለት አነጻጽር፤ እንደ ኢንፈር፥ ማለት ካልተነገረው ከተነገረው ተነሥተህ ድረስበት፤ እንደ ሊስት፥ ማለት ከሁሉ ያነሰ ያሉት ናቸው። ጥያቄውን ያስተዋለ መልሱን በግማሽ አግኝቷል።

መ፤ በየወሩ መጨረሻ ከአምስተኛው የሣጥን ክፍል የተወሰዱ ቃላት በሽማግሌዎች ፊት ይጠየቁ፤ የበረታውም ይመስገን።

ይህ ሁሉ ቢደረግ ፈተናው ቀላል ይሆናል ማለት አይደለም፤ ሒሳቡን ሒሳብ፥ ታሪኩንም ታሪክ ማጥናት ያስፈልጋል። ነገር ግን የተማረውን ነገር ያወቀ ልጅ በአንድ ቃል ምክንያት እንዳላወቀ ሆኖ ከደጅ እንዳይመለስ፥ በየቀኑ አምስት ቃል፥ በየምሽቱ ሩብ ሰዓት፥ በየመንደሩም አንድ የሚጠይቅ ሽማግሌ ሊኖር ይገባል።